ዳኛውን የተካው ካርታ

እ.ኤ.አ. በ1780 በጀርመኗ ብራውንሽቫይግ ከተማ ዮሐን ሄልቪግ የተባለ መምህር በመስፍኑ ግቢ የሚያድጉ ወጣቶችን የጦር ዘዴ የሚያለማምድበት አዲስ ጨዋታ አወጣ። መነሻው ቼዝ ነው። ሰሌዳው ግን 49 በ33፣ በጠቅላላው 1,617 ቤቶች ያሉት ግዙፍ ገበታ ነበር። ቤቶቹም ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቁ የተቀቡ አይደሉም። ነጩ ቤት ሜዳ ነው፤ አረንጓዴው ረግረግ፣ ሰማያዊው ውሃ፣ ቀዩ ተራራ።

የእኛን ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ምን እንደተለወጠ ቶሎ ይገባዋል። በሰንጠረዥ ገበታ ላይ ቤቶቹ በመስመር ከመለየታቸው በቀር ቀለም እንኳን የላቸውም። ጨዋታው የራሱ ግርማ አለው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን የሚያሰልፉበት «ወረራ» የሚባለው መክፈቻ ብቻውን ከሌላው ዓለም ቼዝ ይለየዋል። መሬቱ ግን ለማንም አያደላም። ሄልቪግ ቀለም ሲቀባ መሬቱ ማድላት ጀመረ። አንዱ ቤት ያሳልፋል፣ ሌላው ያግዳል። ከዚያ ወዲህ ለጦርነት ጨዋታ ካርታ የሚሠራ ሰው ሥራው ማሳመር ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ብሩሹ ባረፈበት ሁሉ ሕግ ይጽፋል።

ቀጣዩ የአባትና የልጅ ታሪክ ነው። ብሬስላው ከተማ ይኖር የነበረው ባሮን ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ የራሱን የጦርነት ጨዋታ በመጀመሪያ የሚያሳየው በእርጥብ አሸዋ ላይ ነበር፤ ኮረብታውንና ሸለቆውን እየቀረጸ። የፕረሺያው ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ ጨዋታውን ለማየት ሲፈልጉ ግን አሸዋ ይዞ ንጉሥ ፊት መቅረቡን አልወደደውም። በ1812 ያቀረበላቸው ትልቅ የእንጨት ጠረጴዛ ነው። በላዩ ላይ ኮረብታና ወንዝ፣ መንገድና መንደር ከፍ ዝቅ ብሎ የተቀረጸባቸው፣ ቀለም የተቀቡ ካሬ ንጣፎች ይደረደራሉ። ተጫዋቹ ንጣፎቹን አንሥቶ በሌላ መልክ ሲያሰልፋቸው ሌላ አገር ይወጣዋል። የዛሬ ኮምፒውተር ሠዓሊዎች «ታይል» የሚሏቸውን ትናንሽ ሥዕሎች እየገጣጠሙ ሰፊ አገር የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ጠረጴዛው በርሊን ውስጥ በሻርሎተንቡርግ ቤተ መንግሥት ተርፏል።

ልጁ ጠረጴዛውን ትቶ ወረቀት አነሣ። ጦር መኮንን ስለነበር ለጦር መኮንን የሚያስፈልገውን ያውቃል፤ እርሱም እውነተኛ መሬት ነው። በ1824 ያቀረበው ጨዋታ በ1፡8,000 ልኬት በተነሣ የመሬት አቀማመጥ ካርታ ላይ የሚካሄድ ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር በካርታው ላይ 12.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 10 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ግንባር አንድ ሜትር ከሩብ። ጦሩ በቀይና በሰማያዊ ትናንሽ የብረት ጡቦች ይወከላል። ጡቦቹ የተቆረጡት በካርታው ልኬት ነው፤ አንድ ሻለቃ በሜዳ ላይ የሚይዘውን ያህል ቦታ በወረቀቱም ላይ ይይዛል። ጨዋታውን አይቶ ለመላው የፕረሺያ ጦር እንዲሰጥ የደገፈው የጦር ኤታማዦር ሹሙ ካርል ፎን ሙፍሊንግ ነው። ሙፍሊንግ ራሱ የካርታ ሰው ነበር። በራይን ወንዝ አካባቢ የተሠራው ታላቅ የቅየሳ ካርታ እስካሁን በስሙ ይጠራል። ካርታ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ባያየው ኖሮ ያ ጨዋታ ከጓደኛሞች ክፍል ይወጣ ነበር ብዬ አላስብም። ፈልሳፊው የሥራውን ፍሬ ብዙም ሳያይ በ1827 ሞተ።

ልጅየው በሠራው ካርታ ላይ ግን ቤት የሚባል ነገር የለም። መሬቱ እንደ መሬት ያልተቆራረጠ ነው። ታዲያ ፈረሰኛው ይህንን ዳገት ይወጣል አይወጣም? መድፉ ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ያለውን ያያል አያይም? ይህን የሚወስነው በጠረጴዛው ራስ የሚቀመጠው ዳኛ ነው። ደንብና ሠንጠረዥ አለው፣ ዳይስም ይወረውራል፤ ካርታውን የሚተረጉመው ግን የእሱ ዓይን ነው። በ1876 ዩሊየስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኖዋ የተባለ የጦር መኮንን ጭራሽ ደንቡን ቀንሶ ነገሩን ልምድ ላለው ዳኛ ፍርድ ተወው። ካርታው ምስክር ነው፣ ፍርዱ የሰው።

ዳኛ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1954 ቻርልስ ሮበርትስ የተባለ አሜሪካዊ ሜሪላንድ ውስጥ «ታክቲክስ» የሚባል የሰሌዳ ጨዋታ አሳትሞ ሸጠ። ገዢው ቤቱ ወስዶ ከወንድሙ ወይም ከጓደኛው ጋር የሚጫወተው ነው። ሦስተኛ ሰው የለም። እንግዲህ ዳኛው ያውቀው የነበረው ሁሉ በካርታው ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ይህ ቤት ጫካ ነው ወይስ አይደለም? «ጥቂት ዛፍ አለበት» የሚል መልስ ሁለት ወንድማማቾችን ያጣላል። ሠዓሊው መቁረጥ ነበረበት፤ ተፈጥሮ የማትቆርጠውን እሱ ቆርጦ ማኖር ግዴታው ሆነ።

የካሬው ቤት ችግርም ወዲያው ታየ። ወደ ጎን አንድ ቤት መሄድና በሰያፍ አንድ ቤት መሄድ እኩል አይደሉም፤ ሰያፉ 1.41 እጥፍ ይርቃል። በሰያፍ የሚሄድ ጦር ርቀት ሰረቀ ማለት ነው። መፍትሔው የመጣው ራንድ ከተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ነው። እዚያ የነበሩ ሰዎች ለጦር ጥናታቸው ባለ ስድስት ጎን ቤት ይጠቀሙ ነበርና ሮበርትስ አይቶ ወሰደው። በ1961 የጌቲስበርግን ጦርነት የሚያሳየው ጨዋታው በዚሁ የማር እንጀራ መልክ እንደገና ታተመ። ከአንድ ቤት መካከል ተነሥቶ ወደ ስድስቱ ጎረቤቶች መካከል ያለው ርቀት አንድ ነው። ሰያፍ የሚባል ሌብነት ቀረ።

ለሠዓሊው ግን አዲስ ጣጣ መጣ። ወንዝ እንደ ስድስት ጎን አይጣመምም። ወይ በቤቱ መካከል ያሳልፈዋል፣ ወይ በቤቶቹ ጠርዝ ላይ እየሰበረ ያስኬደዋል፤ ሁለቱ የተለያየ ሕግ ናቸው። በ1969 ኒውዮርክ ውስጥ በተቋቋመው ኤስፒአይ የጨዋታ ማተሚያ ቤት የሥዕሉ ኃላፊ የነበረው ሬድመንድ ሳይመንሰን ዕድሜውን የሰጠው ለእንዲህ ያሉ ነገሮች ነው። ለእሱ ሥዕሉ የጨዋታው ልብስ አልነበረም፤ የጨዋታው አካል ነው። አንድ ቀላል ነገር ልጥቀስ። ተጫዋቹ ጦሩን የሚያስቀምጠው በቤቱ መካከል ነው። ስለዚህ በመካከል የተሣለ ዛፍ፣ በመካከል የተጻፈ የከተማ ስም ጨዋታው በተጀመረ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሸፈናል። ካርታ ሠሪው ሥዕሉን መሬቱ ባዶ ሆኖ ሲያምር ሳይሆን ጦር ሠፍሮበት ሲነበብ ማየት አለበት። ቀለሙም እንደዚሁ ነው። ደማቅ አረንጓዴ ብቻውን ሲያዩት ደስ ይላል፤ ጦር ሲሰፍርበት ግን ከጦሩ ጋር ይፋለማል። ጥሩ የጦርነት ካርታ ሲያዩት ትንሽ የደበዘዘ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። በ1979 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ኤስኤስአይ በ1980 ቢስማርክ የተባለችውን የጀርመን የጦር መርከብ ማሳደድን በአፕል ኮምፒውተር ላይ አቀረበ። ማሽኑ ዳኛም ተጋጣሚም መሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ አዲስ ዳኛ ዕውር ነው። የፕረሺያው ዳኛ ዳገቱን በዓይኑ ያያል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው።

ክሪስ ክሮውፎርድ በ1981 ያወጣው «ኢስተርን ፍሮንት» የጀርመንን ጦር የሶቪየት ኅብረት ዘመቻ የሚያሳይ ነው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ሥራ ነው። ክሮውፎርድ የአታሪ ኩባንያ ሠራተኛ ቢሆንም ጨዋታውን የሠራው በትርፍ ጊዜው ነው፤ የወጣውም የተጠቃሚዎች ሥራ በሚሸጥበት የኩባንያው ክፍል በኩል ነበር። በኋላ የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ራሱ ለሽያጭ ስለቀረበ ውስጡን ማየት ተችሏል። ያነጣጠረው ማሽን 16 ኪሎ ባይት ማስታወሻ ነበረው። ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶ ከዚያ ከመቶ እጥፍ በላይ ቦታ ትይዛለች። በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ከባልቲክ እስከ ጥቁር ባሕር ያለውን አገር፣ ሁለቱን ሠራዊቶችና የሚያስበውን ተጋጣሚ አብሮ መክተት አለበት። ካርታውን ነጥብ በነጥብ መሣል የማይታሰብ ነው።

መላው የመጣው በፊደል በኩል ነው። አታሪ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል 8 በ8 የሆነ የነጥብ ሥዕል ነው፤ 8 ባይት ይበቃዋል። ማሽኑ «ኤ» የሚለውን የላቲን ፊደል ስክሪኑ ላይ ሲያወጣ የፊደሉን ቅርጽ ከማስታወሻ አንብቦ ይገለብጣል እንጂ ፊደል መሆኑን አያውቅም። ቅርጹን ለውጠው በቦታው ጫካ ብታስቀምጡለት ጫካ ያወጣል። ክሮውፎርድ ፊደላቱን አንሥቶ በምትካቸው ዛፍ፣ ተራራ፣ የወንዝ እጥፋት፣ የባሕር ጠረፍ፣ ከተማ ተከለ። ከዚያ ካርታውን ሣለው ከማለት ጻፈው ማለት ይቀላል፤ ለአንድ ቤት አንድ ባይት፣ መስመር በመስመር እንደ ገጽ። በዚያው ዘመን አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት የደከሙ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የላቲኑን ቅርጽ አውጥተው በቦታው «ሀ»ን «ለ»ን አስቀመጡ፤ የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው ገና በ1999 ነውና ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። የእኛን ፊደልና የሩስያን ጫካ አንድ ቀዳዳ አሳልፏቸዋል።

ካርታው ከስክሪኑ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ተጫዋቹ ጆይስቲኩን ወደ ጫፍ ሲገፋ አገሩ በእርጋታ ይንሸራተትለታል። ከዚያ በፊት በኮምፒውተር ጨዋታ ካርታው ስክሪኑን ካለፈ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው መዝለል የተለመደ ነበር። አሁን ግን ጦሩ የሚሄድበትን ርቀት እጅ ይሰማው ጀመር። ሞስኮ ሩቅ መሆኗ የሚታወቀው በመግፋት ነው።

የወቅቶቹ ነገር ደግሞ አለ። ጨዋታው የሚጀምረው ሰኔ 22 ቀን 1941 ነው፤ እያንዳንዱ ተራ አንድ ሳምንት። ወሩ ሲለወጥ የዛፉ ቀለም ይለወጣል። ጭቃ ሲመጣ መሬቱ ሌላ ይሆናል፣ በረዶ ሲመጣ ይነጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ አልተነካችም፤ የቀለሙን ቁጥር የያዘችው ባይት ብቻ ተቀይራለች። ቅዝቃዜው ደግሞ በአንድ ቀን አይወድቅም። ፕሮግራሙ በረዶው የደረሰበትን መስመር መዝግቦ ይይዛል፤ ያ መስመር ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርድ ያለፈበት ወንዝና ረግረግ ይረጋል። ትናንት ወንዝ የጋረደው ጦር ዛሬ በበረዶው ላይ ይሻገራል። ተጫዋቹ አንድም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አላነበበም፤ ቀለሙን አይቶ ክረምቱ እንደደረሰበት ገባው።

ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ቤት ጫካ መሆኑን ለማወቅ የሚያነበው ሌላ መዝገብ የለም፤ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ያንኑ ፊደል ነው። ሰው የሚያየውና ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ነገር ናቸው። ሥዕሉ ሊዋሽ አይችልም።

ይህ አንድነት ብዙ አልቆየም። የማሽኖቹ ጉልበት ሲያድግና ቀለሙ 256 ሲደርስ ባለ ስድስት ጎኑ ካርታ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። በ1994 የወጣው የኤስኤስአይ «ፓንዘር ጄኔራል» ይህን መልክ ለብዙ ሰው አስተዋወቀ። ሠዓሊው አሁን ያማረ ነገር መሥራት ይችላል፤ የሥራው ብዛት ግን ወገብ ይቆርጣል። አንድ መንገድ ከቤቱ በስድስቱ ጎኖች በማናቸውም ሊወጣ ይችላል፤ በአንዱ፣ በሁለቱ፣ በሁሉም። ባዶውን ጨምሮ 64 ዓይነት ቅንጅት ነው። ወንዙም 64፣ ባቡር ሐዲዱም 64። አንዱን ሥዕል አዙሮ ለሌላው መጠቀም ይቻላል እንዳይባል ብርሃን ይከለክላል። በካርታ ሥራ ልማድ ተራራ ላይ ብርሃን የሚወድቀው ከላይ ከግራ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል በአብዛኛው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የምታበራው ከደቡብ በኩል ነው፤ ዓይናችን ግን ብርሃንን ከላይ ይጠብቃል። ጥላውን ገልብጣችሁ ብትሥሉት ኮረብታው ጎድጓዳ ሆኖ ይታያል። የተራራን ሥዕል ያዞረ ሰው ተራራውን ሸለቆ አድርጎታል።

ሰፊ ካርታ የሚሹ ጨዋታዎች ቤት በቤት መገጣጠሙን ትተው መላውን ካርታ እንደ አንድ ትልቅ ሥዕል ማስቀባት ጀመሩ። በ2004 የወጣው «ዋር ኢን ዘ ፓሲፊክ» እና የ2009 እትሙ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በኋለኛው እትም አንዱ ቤት 40 የባሕር ማይል ነው። ሥዕሉ በምስል ፋይሎች ተቀምጧል፤ መንገዱ የት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ቤት ጫካ እንደሆነ የሚናገረው መረጃ ደግሞ በሌላ ፋይል። ሥዕሉ ለሰው፣ መረጃው ለማሽኑ። በዚህ ጨዋታ ፍቅር የተያዙ ሠዓሊዎች በነፃ የራሳቸውን ሥዕል እየሠሩ አከፋፍለዋል፤ የድሮ የጦር ካርታ ወረቀት የመሰለም ሠርተዋል። የሚፈሩት ነገር አንድ ነው። ሠዓሊው ለውበት ብሎ መንገዱን በአንድ ቤት ቢያሳልፈው ማሽኑ ያንን መንገድ አያውቀውም። ተጫዋቹ ሥዕሉን አምኖ ጦሩን ይሰዳል፤ ጦሩ ጫካ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ስህተት እኔ ከቀለም ስህተት አልቆጥረውም። ሐሰተኛ ምስክርነት ነው።

የስዊድኑ ፓራዶክስ በ2000 «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ»ን ሲያወጣ ቤት የሚባለውን ራሱን አስቀረና ዓለምን በአውራጃ ከፈለ። በኋለኞቹ ሥራዎቹ ተጫዋቹ ከቶ የማያየው አንድ ካርታ አለ። 5,632 በ2,048 ፒክስል የሆነ የምስል ፋይል ነው፤ እያንዳንዱ አውራጃ ማንም የማይጋራው የራሱ ቀለም አለው። ሲከፍቱት የተበተነ የባለ ቀለም ወረቀት ብጥስጣሽ ይመስላል። ሐምራዊው ከብርቱካናማው አጠገብ፣ ትርጉም የሌለው ድምቀት። ለማሽኑ ግን እያንዳንዱ ቀለም ስም ነው። ለዚህ የሚሠራ ሰው ጠርዝ የሚያለሰልስ ብሩሽ መንካት የለበትም። ብሩሹ በሁለት አውራጃ ድንበር ላይ ሁለቱን ቀለም ሲያደባልቅ ሦስተኛ፣ በመዝገብ የሌለ ቀለም ይወለዳል። ጠርዙ የሻከረ እርሳስ ነው የሚያዋጣው። አራት አውራጃዎች በአንድ ነጥብ ላይ መስቀል ሠርተው ሲገናኙም ጨዋታው ስህተት ብሎ ይመዘግባል። የመሬቱ ከፍታ በሌላ ፋይል ነው፤ ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃ። ወንዝ በሌላ። የመሬቱ ዓይነት በሌላ። ሄልቪግ በአንድ ብሩሽ ያደረገው በአራት ተከፍሏል።

በ2016 በወጣው የፓራዶክስ «ኸርትስ ኦፍ አይረን 4» ውስጥ አገራችንም አለች። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1936 ሲከፈት የጣሊያን ወረራ ተጀምሯል፤ የማይጨው ጦርነት ሦስት ወር ይቀረዋል። ኢትዮጵያን መርጦ የሚጫወት ሰው ያንን መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከፊቱ አስቀምጦ ነው የሚጀምረው። ካርታው ከ10,000 በላይ አውራጃ አለው፤ ዓለምን በሙሉ ስለሚይዝ ግን በምድር ወገብ አካባቢ አንዲት ፒክስል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ትወክላለች።

እንበልና በዚህ ካርታ ላይ ተከዜን በራሱ እጅ መሣል የፈለገ ሰው ተነሣ። የወንዙን ፋይል ይከፍታል። ላስታ ላይ አንዲት አረንጓዴ ፒክስል ያኖራል፤ ምንጭ ማለት ናት። ከዚያ በሰማያዊ ይቀጥላል። ወንዙ ከአንድ ፒክስል መስፋት የለበትም፣ በሰያፍም መሄድ አይችልም፤ ፒክስሎቹ ጎን ለጎን መነካካት አለባቸው። 600 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ተከዜ 85 ፒክስል ግድም ይወጣዋል። በአንዳንድ ቦታ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ገደል፣ ቁልቁለቱ ቀን ሙሉ የሚፈጀው፣ በጥቂት ፒክስል ብቻ ይወከላልና በከፍታው ፋይል ላይ ደህና አድርጎ ማሳየት አይሆንለትም። የሚቀረው ሕጉ ነው፤ ወንዝ ተሻግሮ የሚያጠቃ ጦር ይቀጣል። ማሽኑ ግን መሻገሩን የሚያውቀው ወንዙ በሁለት አውራጃዎች ድንበር ላይ ካለፈ ነው፤ በአውራጃው ሆድ ውስጥ የሚፈስ ወንዝ ማንንም አያግድም። ስለዚህ ሰውየው ያንን ሐምራዊና ብርቱካናማ ካርታ መልሶ ይከፍታል። ፒክስሎቹ እንደ ንጣፍ ድንጋይ እስኪታዩት ያጎላዋል። ወንዙን ባሳለፈበት በኩል የአውራጃውን ድንበር በእርሳሱ አንድ አንድ ፒክስል እየሳበ ወደ ተከዜ ያመጣዋል።